ቻርሊ በአቡጀዲ ላይ፦ ጣና ዳር የድምፅ አልባ ኮሜዲ ምሽት እንዴት ይሰናዳል

ባሕር ዳር ውስጥ ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ከዚያ በፊት ቪዲዮ ቤት ነበረኝ፦ አራት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ በሩ ላይ ደግሞ ሳንቲም የምትቀበል ታናሽ እህቴ። ዴኩ የሕንድ ፊልሙን ሲበላብኝ ቻርሊ ቻፕሊንን እከት ነበር። ያቺ ካሴት ስንት ጊዜ ከቅጂ ላይ እንደተቀዳች እግዜር ይወቀው። ሥዕሉ ላይ ዝናብ ይዘንባል፣ የሰው ፊት ዱቄት የተነፋበት ይመስላል፣ ሁሉም እንደ ተነካ ጉንዳን ይራወጣል። ልጆቹ ይስቃሉ። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልስቅም ነበር። የድሮ ሰው እንዲህ የሚያጣድፈው ምንድን ነው እያልኩ ሒሳቤን እቆጥራለሁ።

ዓመታት አልፈው፣ ፖሊ ግቢ የሚማረው የእህቴ ልጅ "ጋሼ፣ ይቺን እያት" ብሎ አንድ ፍላሽ አመጣልኝ። ደንበኛ ድምፁ ጠፍቶበት ያስቀመጠው ቴሌቪዥን ላይ ሰካሁት። ያው ባርኔጣ፣ ያው ከዘራ፣ ያው ሰፊ ሱሪ። ግን ቻርሊ አንዱን ሰውዬ ከኋላው በካልቾ ከማለቱ በፊት ዞር ብሎ ወደ እኛ ያያል። "ልበለው?" የሚል አስተያየት ነው። ያቺ አስተያየት በእኔ ካሴት ላይም ነበረች፤ ግን ቆሻሻውና ጥድፊያው ውጧት አንድ ቀን አይቻት አላውቅም። ሳቁ ደግሞ ያለው እሷ ላይ ነው እንጂ ካልቾው ላይ አይደለም። ሥራ ፈትቼ ብቻዬን ስስቅ ደንበኛው ደረሰ፤ ቴሌቪዥኑ የተሠራ መስሎት ሊከፍለኝ እጁን ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ወዲህ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ፣ ሽምብጥ አካባቢ ሐይቁ አጠገብ ባለ የዘመድ ግቢ፣ ለጎረቤትና ለጎረቤት ጎረቤት አሳያለሁ። እናንተም በየሰፈራችሁ እንድታደርጉት የማውቀውን ልንገራችሁ። አብዛኛውን የተማርኩት አበላሽቼ ነው።

ቅጂው

ምሽቱ ከተበላሸ የሚበላሸው ገና ፍላሹ ላይ ነው። ስለዚህ ፕሮጀክተር ከመከራየታችሁ በፊት ፊልሙን አጣሩ።

የዚያ ዘመን ፊልም የሚታተመው ናይትሬት በሚባል ጥሬ ፊልም ላይ ነበር። ናይትሬት አንዴ እሳት ከያዘው ውኃ ውስጥ ቢነክሩትም መንደዱን አይተውም፤ የሚያነደውን ኦክስጅን ከራሱ ያመነጫል። መነጽር ያጠለቀው ኮሜዲያን ሃሮልድ ሎይድ እ.ኤ.አ. በ1943 (እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) በገዛ ግቢው ያከማቸው ፊልም ተቃጥሎበታል። ያልነደደው ቀስ እያለ ይሟሟል፣ ይጣበቃል፣ ዱቄት ይሆናል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ጥናት በዚያ አገር ከ1912 እስከ 1929 ከተሠሩት 11,000 ገደማ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች በመጀመሪያ መልካቸው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ይናገራል። ስለዚህ ማደስ ማለት ያረጀውን ፊልም አራግፎ ማጠብ አይደለም። የአንዱ ቅጂ መጀመሪያው ጎድሏል፣ የሌላው መሃሉ ተቀዷል፣ የሦስተኛው ጽሑፍ በባዕድ ቋንቋ ተተክቷል። አዳሾቹ ከየአገሩ ያሰባስቡና ጎን ለጎን ዘርግተው፣ ቅጠሉ የጎደለን ብራና ከሌላ ገዳም ቅጂ ጋር እንደሚያስተያይ ደብተራ፣ ሥዕል በሥዕል ያሟላሉ። ጣሊያን ውስጥ ያለው ቺኔቴካ ዲ ቦሎኛ ከ1999 ጀምሮ የቻፕሊንን ፊልሞች በዚህ መንገድ ሲያድስ ቆይቷል። አንዳንዴ ደግሞ ዕድል ነው፦ ሁለቱ ኮሜዲያኖች ሎሬልና ሃርዲ በ1927 የሠሩት፣ ኬክ የሚወራወሩበት አጭር ፊልም ሁለተኛው ጥቅል ከቁራጩ በቀር ጠፍቶ ኖሮ በ2015 ከአንድ ሰብሳቢ ፊልሞች መሃል ተገኘ።

የታደሰውን ካልታደሰው እንዴት እለያለሁ ብትሉ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው የግራውን ጠርዝ ነው። ድምፅ ወደ ፊልም ሲመጣ ከጥሬው ላይ በግራ በኩል ለድምፁ መስመር የምትሆን ቦታ ተቆረሰች። ድምፅ አልባው ፊልም በኋላ እንዲህ ባለ ጥሬ ላይ ሲገለበጥ ግራው ተቆርጦ ቀረ። አንድ ሰው በግማሽ ትከሻው ከቆመ፣ ወይም የጽሑፉ የመጀመሪያ ፊደል ከተበላ፣ ያ ቅጂ ለእናንተ አይሆንም። ቀጥሎ ፊቱን እዩ፤ ጉንጩና ግንባሩ አንድ ነጭ ወረቀት ከሆነ ቅንድብ ሲነሳ አይታይም፣ ቅንድብ ካልታየ ደግሞ ቀልዱ የለም። ጥሩ ቅጂ መጀመሪያ ላይ ከየትኛው መዝገብ ቤት ምን እንደተወሰደ የሚናገር ጽሑፍ ይኖረዋል። ሌሊቱ ሰማያዊ፣ ቤት ውስጡ ቢጫ ሆኖ ከመጣ አትደንግጡ፤ ያኔም እንዲሁ ቀለም ይነከር ነበር። ቴሌቪዥናችን ተበላሸ ብላችሁ እኔ ዘንድ እንዳታመጡት።

ፍጥነቱ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ካሜራው በእጅ የሚሽከረከር ስለነበር በሰከንድ 16፣ 18፣ 20 ሥዕል እያለ እንደ ሰውየው እጅ ይለያያል። በሰከንድ 24 የጸናው ድምፅ ሲመጣ ነው። በ18 የተቀረጸውን በ24 ስታጫውቱት የእኔ ቪዲዮ ቤት ጉንዳን ይሆናል። የያዛችሁት አሮጌ ቅጂ ከሆነ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ወይም 0.8 ዝቅ አድርጋችሁ የሰው አረማመድ ተመልከቱ። የታደሰ ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡ፤ አዳሾቹ አስበውበታል። ኮሜዲያኖቹ ራሳቸው ሩጫ ሲሆን ሆን ብለው ካሜራውን ቀስ አድርገው ያሽከረክሩ ስለነበር ትንሽ መፍጠኑ የሥራው አካል ነው። እኔ አንዴ "ተፈጥሯዊ ላድርገው" ብዬ 0.65 ላይ አውርጄው የፖሊሶቹ ሩጫ የቀብር ሸኚ መሰለ።

ሥዕሉን ደግሞ አትለጥጡት። እነዚህ ፊልሞች ጎኑ እኩል ወደሆነ አራት ማዕዘን የቀረቡ ናቸው፤ ወርዱ ለቁመቱ 4 ለ 3። ቴሌቪዥኑም ፕሮጀክተሩም ገና ሲነሡ "ሙሉ ስክሪን" ይሉና ቀጭኑን ቻርሊ ባለ ቦርጭ ነጋዴ ያደርጉታል። ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቅር። እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውንም ምርጫ ከሴቲንጉ ውስጥ ፈልጋችሁ አጥፉት።

ስለ መብት አንድ ነገር ልበል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 1929 የወጡት ፊልሞች በዚያ አገር ሕግ ነፃ ሆነዋል፤ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም በነፃ የሚለቃቸው አሉት። ለታደሰው ቅጂ የተደረሰው አዲስ ሙዚቃ ግን የደራሲው ንብረት ነው። ትኬት የምትሸጡ ከሆነ ባለቤቱን ጠይቁ። እኔ ትኬት አልሸጥም፣ ሙዚቃውንም እዘጋዋለሁ፤ ለምን እንደምዘጋው ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ምን ይታይ

ለመጀመሪያ ምሽት የሌላውን የዚያ ዘመን ኮሜዲያን፣ የቡስተር ኪተንን "ዋን ዊክ" አትለፉ። የ1920 ፊልም ነው፤ አጭር ነው፣ ጽሑፉም ጥቂት ነው። ሙሽሮች ቤት በሳጥን ተገጣጣሚ ሆኖ ይሰጣቸዋል፤ ልጅቱን የተነጠቀ ቅናተኛ የሳጥኖቹን ቁጥር ያዛባዋል። ቤቱ ጠማማ ሆኖ ይቆማል፣ በነፋስ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ጭራሽ የተሠራው በሌላ ሰው ቦታ ላይ መሆኑ ይነገራቸዋል። እዚህ ላይ የእኛ ግቢ በሳቅ ፈረሰ። "ጨረቃ ቤት!" ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ፤ ሌላው ደግሞ "ካርታ አለው ወይ?" ቤቱን ሲጎትቱ ሐዲድ ላይ ይቀረቀርባቸዋል። ባቡር ይመጣል፤ ባልና ሚስት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ባቡሩ በጎን ባለው ሐዲድ ያልፋል። እፎይ ሲሉ ከወዲያኛው አቅጣጫ ሌላ ባቡር መጥቶ ቤቱን ያደቅቀዋል። ቤት ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ያለ አስተርጓሚ ይረዳል።

ሁለተኛ "ዘ ቦት"፤ 1921። ሐይቅ ዳር ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ኪተን ጀልባ ምድር ቤት ውስጥ ይሠራል፤ በበሩ አልወጣ ሲለው ይጎትተዋል፣ ቤቱ ይናዳል። ከዚያ ጀልባውን ወደ ውኃ ሲያወርዱት ኪተን ላዩ ላይ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ፊቱ ሳይለወጥ፣ ጀልባው ያለ ምንም ግርግር እየተንሸራተተ እስከ ባርኔጣው ይሰጥማል። ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባት መጥተው ነበር፤ ሌላው ሰው ሲንከተከት እሳቸው አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ "በደንገል ቢሠራው ኖሮ አይሰጥምም ነበር" አሉ፤ ሰዉ ከጀልባው ይልቅ የሳቀው በእሳቸው ነው። እውነታቸውን ነው፤ ደንገል ውኃ እየጠጣ ይከብዳል እንጂ እንዲህ ወርዶ አይቀርም።

ይህ ፊልም አንድ የትርጉም ጣጣ አለው። የጀልባው ስም በእንግሊዝኛ ሲነበብ "እኔ ምን አውቄ" እንደማለት ነው። ማዕበል መሃል ኪተን በቴሌግራፍ ርዳታ ይጠይቃል። "ማን ነህ?" ይሉታል። "እኔ ምን አውቄ።" "እኛም አናውቅም" ብለው ይተዉታል። መጨረሻ ላይ በጨለማ የማያውቁት ዳርቻ ሲደርሱ ሚስቱ "የት ነን?" ትለዋለች፤ እሱም በከንፈሩ ብቻ ያንኑ ስም ይመልሳል። ጽሑፍ የለውም። ፊቱ ዱቄት በሆነ ቅጂ ይህ ሳቅ ጨርሶ አይኖርም፤ ለታደሰው ቅጂ መድከም ዋጋው ይኼ ነው። ስለዚህ ጀልባዋን ከመጀመሪያው በአማርኛ "እኔ ምን አውቄ" ብላችሁ ስም አውጡላት፤ መጨረሻውን ተመልካቹ ራሱ ይጮኸዋል።

ረጅም ከፈለጋችሁ የእኔ ምርጫ "ሼርሎክ ጁኒየር" ነው፤ 1924፣ 45 ደቂቃ ገደማ። አድልቻለሁ፤ ሰውየው ፊልም የሚያጫውት ሠራተኛ ነውና። ማሽኑ አጠገብ እንቅልፍ ይወስደውና ሕልሙ ተነሥቶ ወደ ሸራው ውስጥ ይገባል፤ ፊልሙ ደግሞ ከእግሩ ሥር ቦታ እየለወጠ ያንገላታዋል። ባቡር ጣቢያው ላይ ከውኃ ጋን ቱቦ የሚወርድበትን ውኃ ልብ በሉ፤ ሐዲዱ ላይ የጣለው እውነተኛ ነው፣ አንገቱን ሰብሮታል። መሰበሩን ያወቀው ከዓመታት በኋላ ራጅ ሲነሣ ነው።

በጾም ወቅት የቻፕሊንን "ዘ ጎልድ ረሽ" ስታሳዩ ተዘጋጁ። በረሃብ ጫማ ቀቅሎ የሚበላበት ነው። ማሰሪያውን እንደ ፓስታ ይጠቀልላል፣ ምስማሩን እንደ ዶሮ አጥንት ይመጠምጣል። በሁዳዴ አሳይቼው አንዲት እናት "ቆዳ አይደል? ፍስክ ነው እኮ!" አሉ፤ ግቢው ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። እኔ ነኝ የገላገልኩት፦ ለቀረጻው የተሠራው ጫማ ሊኮሪስ ከሚባል ሥር የሚወጣ ጣፋጭ ነው፣ ስለዚህ ቻርሊ ጾሙን አልገደፈም። ይህን ፊልም ስትፈልጉ ሁለት ዓይነት እንዳለው እወቁ። የ1925ቱ ጽሑፍ ያለው ነው፤ በ1942 ቻፕሊን ራሱ አሳጥሮት፣ ጽሑፉን አውጥቶ በራሱ ድምፅ እየተረከ አውጥቶታል። በአማርኛ የሚያነብ ሰው ካላችሁ የ1925ቱን ያዙ፤ ሁለት ተራኪ ባንድ ምሽት ይጣላሉ።

የወደቀልኝን ደግሞ አልደብቅም። ያ ከጠፋበት የተገኘው የሎሬልና ሃርዲ ኬክ ውርወራ፣ እኔ እንዲያ የጓጓሁለት፣ አዋቂዎቹ ዘንድ አልሄደም። ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ፤ እናቶች ግን ከአምስተኛው ኬክ በኋላ ፊታቸው ጠቆረ። "እህል ነው እኮ! እህል እንዲህ ይጣላል?" እውነት ነው፣ እህል ሲረገጥ አይቶ መሳቅ እኛ ቤት አልተለመደም። አሁን የማሳየው ልጆች ብቻ ሲሆኑ ነው።

አቡጀዲው

ስክሪን አትግዙ። አቡጀዲ ገዝታችሁ ልብስ ሰፊ ዘንድ ውሰዱት። 3 ሜትር ወርድ በ2.25 ሜትር ቁመት ለአምሳ ሰው ይበቃል፤ ልኩም ያው 4 ለ 3 ነው። ሁለት ስፋት ተጋጥሞ መሰፋቱ ስለማይቀር ስፌቱ የት እንደሚውል ለሰፊው ንገሩት። እኔ ሳልነግረው መሃል ለመሃል ከላይ እስከ ታች ሰፍቶት፣ የፊልሙ ሰው ሁሉ አፍንጫ ለሁለት ተተረተረ። አግድም ይሁን፤ አግድም ሲሆንም ታች አይሁን፣ ቻርሊ ማለት እግሩ ነው። ላይኛው አንድ አምስተኛ ላይ፣ ሰማይ የሚውልበት ቦታ፣ ማንም አያየውም። ከላይም ከታችም እንጨት የሚገባበት እጥፋት ይሰፋበት። ሁለት አጣና ለቋሚ፣ ሁለት ቀጫጭን ለአግድም፣ ሲባጎ፣ አራት ብሎኬት። አቡጀዲ ብርሃን ያሳልፋል፤ ሁለት ድርብ ካልሆነ ከጀርባው ጥቁር ጨርቅ ጣሉበት። እኔ ጥቁሩን ትቼዋለሁ፣ ምክንያቱም የሰፈሩ ልጆች ከሸራው ኋላ ተቀምጠው ገልብጠው ያያሉ። ጽሑፉ ብቻ ነው የሚገለበጥባቸው፣ እሱን ደግሞ እህቴ ታነብላቸዋለች።

ፕሮጀክተሩ 3,000 ሉመን (የብርሃን መጠኑ ነው) ካለው ይበቃል። ስትከራዩ በቀን ብርሃን እንዲያበሩላችሁ ጠይቁ። እኔ አንዴ ያላየሁትን ተቀብዬ ማታ ስከፍተው አምፖሉ ደክሞ ኖሮ፣ ኪተንን ሳይሆን የኪተንን ጥላ አሳየሁ። አብዛኛው ፕሮጀክተር ለ3 ሜትር ወርድ አራት ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ይፈልጋል፤ ከሰዓት በኋላ ሞክራችሁ ቦታውን በድንጋይ ምልክት አድርጉበት።

ወሩ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው፤ ክረምት አትሞክሩት። በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ ጠልቃ 12 ተኩል ላይ ድቅድቅ ነው፤ የካቲት ላይ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ አጣርታችሁ ከዚያ ቀደም ብላችሁ ጨርሱ። አመሻሽ ላይ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ሸራውን ሸራ ያደርገዋል፣ የመርከብ ማለቴ ነው። በሁለተኛው ምሽቴ አጣናው ተነቅሎ አቡጀዲው ሃሮልድ ሎይድን ይዞ ፓፓያው ላይ ሰፈረ። አሁን ሸራውን ከግንብ ጥግ፣ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቼ አቆማለሁ፤ የታችኛውን እንጨት ግን አላስርም፣ ከብዶት ተንጠልጥሎ ነፋሱን እየበላ ይወዛወዛል። ትንኙን በተመለከተ፣ ፊልሙ ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት በፊት ወደ ውኃው አቅጣጫ ሃያ ሜትር ርቆ አንድ ነጭ አምፖል ይብራ። ሁሉንም አይወስድላችሁም። የቀረው በቻርሊ ፂም ላይ ያርፋል።

ማሲንቆው

ድምፅ አልባ ፊልም በአብዛኛው በዝምታ አይታይም ነበር፤ ሲኒማ ቤቱ ፒያኖ ወይም ኦርጋን ወይም ሙሉ ባንድ ነበረው። ቅጂው ላይ የመጣውን ሙዚቃ የምዘጋው ለዚህ ነው። ባሕር ዳር አዝማሪ አለ፤ ተጫውቶ የሚያድር፣ ያየውን ወዲያው የሚገጥም። ሌላ ምን ይፈለጋል?

ግን ዝም ብላችሁ አትጥሩት። እኔ ጠርቼው፣ ፊልሙን አይቶት የማያውቅ አዝማሪ እንደ ጠጅ ቤት እያንዳንዱን እንግዳ በየስሙ ማወደስ ጀመረ፤ ሰው ብር ሊለጥፍለት ሲነሣ የሁሉም ጥላ ሸራው ላይ ወጣ። ሁለተኛውን ጊዜ ፊልሙን ሱቄ ውስጥ አስቀድሜ ሁለት ጊዜ አሳየሁት። ውላችን እንዲህ ነው፦ ፊልሙ ሲሄድ ማሲንቆ ብቻ፣ ግጥም የለም፤ ግጥሙ በፊልምና በፊልም መካከል ነው። ሽልማት መጨረሻ ላይ። የቱ ላይ ምን እንደሚጫወት አልነገርኩትም፣ ሥራው ነው። ሩጫው ላይ የጎጃም እስክስታ ሲለው የፊት ረድፍ ትከሻ ይነቃነቃል፤ ቻርሊ ብቻውን መንገድ ላይ ሲሄድ ትዝታ።

አንድ ነገር ግን እሱ ነው ያስተማረኝ። በ1928ቱ "ስቲምቦት ቢል ጁኒየር" ማዕበሉ ከተማውን ሲያፈርስ፣ ኪተን መንገድ ላይ እንደቆመ ከጀርባው ያለው ቤት ግንባሩ ሙሉውን ይወድቅበታል፤ የላይኛዋ መስኮት በትክክል እሱ ላይ ስለምታርፍ ቆሞ ይቀራል። ግንቡ እውነተኛ ክብደት ነበረው፤ ሰውየውን ከመስኮቱ ጠርዝ የለየችው ስንዝር የማትሞላ ነገር ናት። ሱቄ ውስጥ ሲያየው አዝማሪው ምንም አላለም። ማታ ግን ግንቡ ማዘንበል ሲጀምር ደጋኑን ከጭራው ላይ አነሣ። ዝም። የፕሮጀክተሩ ማራገቢያና የሐይቁ ውኃ ድንጋዩን ሲልስ ብቻ ይሰማል። ግንቡ ወደቀ፣ አቧራው ተነሣ፣ ኪተን አንገቱን እያሻሸ ዙሪያውን ያያል። አንዲት ሴት "በስመ አብ!" አለች። ከዚያ ነው ሳቁ የመጣው፤ እሱም እስኪያልቅ ጠብቆ ደጋኑን መለሰ። እኔ ብሆን ከበሮ ነበር የማስመታው።

ሌላም ጥቅም አለው፦ መብራት ሲሄድ ሙዚቃው አይሄድም። ሎይድ በ1923ቱ "ሴፍቲ ላስት" ከሕንጻው ላይ የሰዓቱን ዘንግ ይዞ እንደተንጠለጠለ ጭልም አለ። ጀነሬተር አልይዝም፤ ጩኸቱ ድምፅ አልባ ፊልምን ሳይቀር ይረብሻል። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። በዚህ መሃል ለሰዉ የሎይድን እጅ ነገርኩት፦ በ1919 ለፎቶ የያዘው የውሸት ቦምብ እውነተኛ ሆኖ ፈንድቶ የቀኝ እጁን አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ወስዶበታል፤ ሰዓቱን የያዘው ጣት በተሠራለት ጓንት ነው። ከጨለማው ውስጥ "ውይ!" ተባለ። አዝማሪው አላሳደረም፦

እጁ ሰዓት ላይ ነው፣ ጣቱ የጎደለ፣
መብራት እስኪመጣ እንደተንጠለጠለ።

መብራቱ ሲመጣ ሰው ሁሉ የሚያየው ሌላ አልነበረም፣ ያንን እጅ ነው። ስለዚህ ታሪክ ካላችሁ ከፊልሙ በፊት ሁሉንም አትዘርግፉት፤ ለመብራት መጥፊያ አንድ ሁለት አስቀሩ።

ጽሑፉን ማን ያንብብ

በመጀመሪያ የአማርኛ ጽሑፍ ከሥር አዘጋጅቼ ነበር። ሦስት ሌሊት ተርጉሜ፣ የተከራየሁት ላፕቶፕ የግእዝ ፊደል ስላልነበረው ሁሉም ትንንሽ ሳጥን ሆኖ ወጣ። ሰው አሥር ደቂቃ ሳጥን አነበበ። ከዚያ ወዲያ ሰው ነው የማስነብበው። ጃፓን ውስጥ በዚያ ዘመን ቤንሺ የሚባሉ ከሸራው አጠገብ ቆመው የሚተርኩ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ከተዋናዩ በላይ ዝነኛ ነበሩ። የእኔ ቤንሺ ያቺ ሳንቲም ትቀበል የነበረችው እህቴ ናት። ወረቀት ላይ የተረጎምኩትን እሰጣታለሁ፤ ግማሹን ትለውጠዋለች። ሙሽራይቱን "እሜቴ"፣ ቅናተኛውን "ያ ምቀኛ" ትለዋለች። ተቃውሜ ነበር፣ ሰው ግን ከእኔ ትርጉም ይልቅ የእሷን ይደግማል። የምጠብቅባት ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ጽሑፉ ከሸራው ሳይጠፋ ትጨርስ። ቃሏ ወደ ሥዕሉ ከፈሰሰ ያቺን "ልበለው?" የምትል አስተያየት ትሸፍናለች። ረጅም ጽሑፍ ሲመጣ እንድታሳጥረው እንጂ እንድትፈጥን አትጠይቁ። ማይክሮፎን አያስፈልግም፤ አምሳ ሰው ባለበት ግቢ የቪዲዮ ቤት በር ላይ የሠለጠነ ድምፅ በቂ ነው።

ሰዉን ቅርብ ለቅርብ አስቀምጡት። ወንበር ቢያንስ ይሻላል፤ ምንጣፍና ሰሌን ላይ ትከሻ ለትከሻ የተቀመጠ ሰው ቀድሞ ይስቃል። ለብቻዬ ሱቅ ውስጥ ሁለት ጊዜ ፈገግ ያሰኘኝ ቦታ እዚያ ሲሆን እንባ ያስወርደኛል። ቆሎና ለውዝ ጥሩ ነው፤ ቡና ከፊልሙ በፊት ወይም በኋላ ይሁን፣ ጭሱ ከጨረሩ ጋር ይጣላል። ልጆችን ፊት፣ ሽማግሌዎችን ግንብ ተደግፈው ጎን። ሁለት አጭርና አንድ ረጅም ለአንድ ምሽት ይበቃል።

ሲያልቅ ፕሮጀክተሩን ከሶኬቱ አትንቀሉት፤ በመዝጊያው ዘግታችሁ ማራገቢያው ራሱ እስኪቆም ጠብቁ፣ አለዚያ አምፖሉን ታቃጥሉና የአከራዩ ዕዳ ይሆንባችኋል። አጣናውን ለሚቀጥለው ጊዜ ጣሪያ ሥር አስገቡት። አቡጀዲው ላይ የተጨፈለቀውን ትንኝ ሳይደርቅ በሳሙና እጠቡት፤ ከደረቀ በየፊልሙ ሰማይ ላይ ወፍ ሆኖ ይኖራል። አሁን ያለኝ ሦስተኛው ነው። ሁለተኛውን ፓፓያው ቀዶታል። የመጀመሪያው የእህቴ ፍራሽ ልብስ ሆኗል፤ ስፌቱ አሁንም መሃል ለመሃል ነው፣ ጀርባዬን ይወጋኛል እያለች እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች።